ምክንያቱን ሳናውቅ አንከፍልም

(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በማህበሩ የሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ዛሬ እንድናገር ሲጠይቁኝ ስለ ቁጠባና ስለ ብድር አመላለስ የማወራ መስሏቸው ይሆናል። ሥራዬ እሱ ነውና አይፈረድባቸውም። በየወሩ እዚህ ቆሜ ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል ስል ትሰሙኛላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ስታንቀላፉም አያለሁ። ዛሬ ግን የማወራው ስለ ባጃጃችን መሪ ነው። አትሳቁ። የመሪው ነገር ሒሳብም ነው፤ ከሒሳብም አልፎ የሰው እንጀራና የሰው ነፍስ ነው።

ባጃጇን የገዛናት ሳንቲም በሳንቲም ካጠራቀምነው ቁጠባና ደጋፊዎቻችን ከጨመሩልን ላይ ነው። በአዘቦት ቀን ተሳፋሪ ትጭናለች፤ በገበያ ቀን የአባላትን እህልና ዶሮ ታመላልሳለች፤ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትኖር ያለ ክፍያ ጤና ጣቢያ ታደርሳለች። ሾፌሯም የእኛው ልጅ ናት፤ የአንዷ አባላችን ልጅ፣ መንጃ ፈቃዷን በራሷ ጥረት ያወጣች።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ የሦስት ወሩን ሒሳብ ስዘጋ አንድ መስመር ላይ እጄ ቆመ። «ጥገና» የሚለው መስመር ነው። በሦስት ወር ውስጥ አራት ደረሰኝ። ደምሬ ሳየው ባጃጇ ካስገባችው ገንዘብ ግማሽ ያህሉን ጋራዥ በልቶታል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ደመርሁት፤ ያው ነው። ከዚያ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አነበብሁ። አራቱም የወጡት ለአንድ ስሞታ ነው፦ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ግራም ይስባል።

መጀመሪያ የፊት ጎማው ኩሽኔታ ተቀየረ። ቀጥሎ የፊት አሞርዛተር ተቀየረ። ሦስተኛ የመሪው አንገት ተፈትቶ የውስጥ ኩሽኔታው ተቀየረ። አራተኛ «ማስተካከያ» ተብሎ ተከፈለ፤ ምን እንደተስተካከለ ግን ደረሰኙ አይናገርም። ባጃጇ በወጣች ማግስት ያው ትንቀጠቀጣለች። በመጨረሻ ጊዜ ባለሙያው ለልጃችን ምን አላት መሰላችሁ? «ዕቃው ሁሉ አዲስ ነው። ችግሩ ከአንቺ ነው። መሪ የወንድ ክንድ ይፈልጋል።»

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ኮሚቴው ስለ ጉዳዩ ሲሰበሰብ መዝገቡን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። «ቁጥር አይዋሽም፤ ወይ ባጃጇን እንሽጥ ወይ ሾፌር እንቀይር» አልሁ። ልጅቷ በር ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። አልተከራከረችም፤ አላለቀሰችም። «አንድ ሳምንት ስጡኝ» ብቻ አለች። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቁጥሩ እውነት ነው አይዋሽም፤ ግን ቁጥሩ የነገረኝ ስንት እንደወጣ እንጂ ለምን እንደወጣ አልነበረም። ያልነገረኝን እንደነገረኝ አድርጌ ነው ሰው ልፈርድበት የነበረው።

በማግስቱ ትዝ ያሉኝ አጎቴ ናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ኤንትሬ የምንላትን የጣሊያን ፊያት ነድተዋል፤ መሪውን በሁለት እጅ ታግለው፣ መንገድ ላይ ሲበላሽም ራሳቸው ከሥር ገብተው እየጠገኑ። መጡና መጀመሪያ ቡናቸውን ጠጡ። አቦሉ ሳያልቅ ልጅቷን ሦስት ጥያቄ ጠየቋት። «የሚንቀጠቀጠው በምን ያህል ፍጥነት ነው? ጭነት ስትይዢ ይብሳል ወይስ ባዶ ስትሆን? ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ልጅቷ አላመነታችም። «ቀስ ስል የለም፤ ፈጠን ስል ይጀምራል። ባዶም ስሆን አለ። የጀመረው የፊት ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከተነፈሰ በኋላ ነው፤ ጎሚስታው ለጥፎ ከመለሰልኝ ቀን ጀምሮ።»

እናቶቼ፣ ይህ ሁሉ መልስ በልጅቷ ሆድ ውስጥ ነበር። ጋራዡ አልጠየቃትም። ኮሚቴያችንም አልጠየቃትም። አራት ደረሰኝ ስንከፍል ማንም «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላለም።

ጋሼ ቁልፍ አላነሱም። መጀመሪያ በሦስቱም ጎማዎች ዙሪያ ዞሩ፤ በእጃቸው ዳሰሷቸው፤ ከጎሚስታው የአየር መለኪያ አስመጥተው ለኩ። የኋላ ግራው ጎማ አየሩ ከቀኙ በግልጽ ያንሳል። «ወደ ግራ የሚስብሽ ይኸው» አሉ። አየር ያነሰው ጎማ መሬት ላይ ይለጠጣል፤ ስለሚለጠጥም ይከብዳል፤ የከበደው ወገን ወደ ኋላ ሲጎትት ባጃጇ ወደዚያ ትዞራለች። በአንድ ትከሻዋ እንስራ እንደተሸከመች ሴት ማለት ነው።

ቀጥለው የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፉ፤ ፊቷን አስነስተው ከሻሲዋ ሥር እንጨት አስገቡ፤ የፊት ጎማው በአየር ላይ ቆመ። ጠመኔ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ አስጠግተው፣ እጃቸውን ሳያነቃንቁ ጎማውን አዞሩት። ቸርኬው ደህና ቢሆን ጠመኔው ወይ በዙሪያው ሁሉ ይነካው ወይ ጭራሽ አይነካው ነበር። ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ እየነካ፣ ሌላው ቦታ ላይ ይሸሽ ነበር። ቸርኬው ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ተጣምሟል። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ለጥፎ እዚያው በተጣመመው ቸርኬ ላይ መልሶታል።

ከዚያ ምን አደረጉ? የባጃጅ ሦስቱም ጎማ አንድ ልክ ነው። እስኮርታውን አውርደው ከፊት አሰሩትና «ሂጂ፣ ንጂያት» አሏት። ልጅቷ እስከ ከተማው ዳር ደርሳ ተመለሰች። ስትመለስ ፊቷን ያየ ሰው መልሱን መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። መንቀጥቀጡ የለም። ሥራው ሁሉ ቡናው ሦስተኛውን ሳይደርስ አለቀ።

የኋላው ጎማ ለምን አየር እንደሚያጣም ፈለጉ። በጣሳ የሳሙና ውሃ በጥብጠው ቫልቩ ላይ ጠብ አደረጉበት፤ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ቀዳዳው እዚያ ነበር። ለቫልቯና ለአንድ ያገለገለ ደህና ቸርኬ የከፈልነው፣ ከአራቱ ደረሰኞች የትንሹን ሩብ እንኳ አልሞላም።

ይህን የምነግራችሁ ባለጋራዥን ሌባ ለማለት አይደለም። የእኛም ጥፋት አለበት። «መሪው ተበላሽቷል፣ ሥራልን» ብለን ሄድን፤ ሰውየውም መሪውን ፈታ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «መርፌ ውጋኝ» እንደማለት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ አንድ ደንብ አወጣሁ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ እንደማላጸድቅ ታውቃላችሁ፤ አሁን ደግሞ ምክንያቱ ያልተጻፈ ጥገና አላጸድቅም። ብልሽቱ ምን እንደሆነና በምን እንደተረጋገጠ ሳይታወቅ ዕቃ አይገዛም።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ይበልጥ ያስፈልጋል። ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። በአቀስታና በጉጉፍቱ ብርድና ጉም አልፎ ነው ዕቃ የሚመጣው፤ ደሴ ከሌለ አዲስ አበባ ድረስ ይላካል። ባጃጇ ዕቃ እየጠበቀች የምትቆምባቸው ቀናት በደረሰኝ ላይ አይጻፉም፤ ግን ወጪ ናቸው። የዕቃውም ዋጋ እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ ምን ያህል እንደተወደደ የገዛ ያውቀዋል። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ያለንን መንከባከብ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

እሺ፣ ራሳችን ምን ማድረግ እንችላለን? ጋሼ ያስተማሩንን በተራ ልንገራችሁ። ማንኛዋም አባል ልታደርገው የምትችለው ነው።

አንደኛ፣ ጎማ። አየር የሚለካው በማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ቀትር ላይ ሲሄድ ውሎ የሞቀ ጎማ ላይ የሚታየው ልክ ያታልላል፤ በማግስቱ በደጋው ብርድ ዝቅ ብሎ ይገኛል። የፊቱና የኋላው ልክ አንድ አይደለም፤ ትክክለኛው ቁጥር ከባጃጇ ጋር በመጣው መመሪያ ላይ አለ፤ እኛ ከመቀመጫው አጠገብ በቀለም ጽፈነዋል። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ግን ሁልጊዜ እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ አዲስ አንዱ ያለቀ ከሆነም ትስባለች። የጎማውን ጥርስ በእጃችሁ ዳብሱት፤ በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ከተገኘ የተጣመመ ነገር አለ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ጭነት። ሁለት ኩንታል በአንድ ጎን ጭነን «መሪው ይስባል» ብንል መሪው ምን ያድርግ? የባጃጅ ሞተር ያለው ከኋላ ነው። ከኋላ ስናበዛ፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ የፊቱ ጎማ ይቀላል። የፊቱ ከቀለለ መሪው ይዞራል እንጂ ባጃጇ አትታዘዝም። ሾፌሯ አጠገብ ሰው ማስቀመጥም ክንዷን መያዝ ነው። ይህን እባካችሁ «አንድ ሰው ጨምሪ» ለምትሏት እናቶች ነው የምለው።

ሦስተኛ፣ ሽቦዎች። የነዳጅ፣ የፍሪሲዮንና የማርሽ ሽቦዎች ከመሪው ጋር ተያይዘው ነው የሚወርዱት። አንዱ ከተጣመመ ወይም ከአንድ ነገር ጋር ከተያዘ መሪው ወደ አንድ ወገን ሲዞር ይከብዳል። ባጃጇ ቆማ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው እያዞራችሁ ሽቦዎቹን ተመልከቱ። የሚወጠር ካለ ያ ነው።

አራተኛ፣ የመሪው አንገት። ከላይ እንደነገርኋችሁ በድላዳላ ቦታ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፋችሁ፣ ፊቷን በክሪክ ወይም በእንጨት አንሱ። ሰው በእጁ ብቻ ይዞት ሌላ ሰው ከሥር አይገባም፤ ይህ ጨዋታ የለውም። ከዚያ መሪውን ቀስ ብላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩ። እንደ ቅቤ መዞር አለበት። መሀል ላይ እንደ ቋጠሮ የሚይዝ ነገር ካለ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ መቀመጫው ተጎድቷል። እንደ ደረቅ ማጠፊያ ከከበደ ግራሶ አልቋል። ቀጥሎ የፊት ጎማውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ጎተት አድርጉ፤ አንገቱ ላይ ቋ ቋ ካለ ላልቷል።

አምስተኛ፣ የጎማው ኩሽኔታ። ጎማውን በግራና በቀኝ፣ ከዚያም ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ራሱ ጎማው ከተወዛወዘ ወይም ሲዞር እንደ ወፍጮ ከፈጨ ኩሽኔታው ነው።

ስድስተኛ፣ ቸርኬው። በጠመኔ። ከተጠራጠራችሁ በእስኮርታው ቀይራችሁ ሞክሩ። ይህ ምንም ዋጋ የማያስወጣ ምርመራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የባጃጅ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ሆኖ በዳዶ የተያያዘ ነው። ጎማውን ለማውለቅ የሚፈቱት ዳዶዎች ሌላ ናቸው፤ ሁለቱን ግማሽ የሚያያይዙት ሌላ ናቸው። አየር ያለበትን ጎማ የማያያዣ ዳዶዎች መፍታት ሰው ይጎዳል። አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ማንም አይንካቸው። ያላወቀ ሰው ከናካቴው ይተዋቸው።

እስካሁን ያወራሁት ጥሩ ጥሩውን ነው። አሁን ደግሞ ያፈርሁበትን ልንገራችሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ አዋቂ ሆንን። እኔ በተለይ። የቁልፍ ቁጥር መጥራት ጀመርሁ። ከሁለት ወር በኋላ ልጃችን የመሪው አንገት ቋ ይላል አለችኝ። ፊቷን አንስተን ሞከርነው፤ እውነትም ላልቷል። ምርመራችን ትክክል ነበር። እዚያ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን «ለአንድ ዳዶ ጋራዥ አንሄድም» ብዬ ቁልፍ ያዝሁ። አጠበቅሁት። ቋ ማለቱ ጠፋ። ደስ አለኝ፤ በልቤ «ይህን ያህል ብር ተረፈ» ብዬ ሒሳብ አሰብሁ።

በማግስቱ ልጃችን ሁለት እናቶችና አንድ ሕፃን ጭና ከከተማ ወጣ ብሎ ያለውን ቁልቁለት ስትወርድ፣ መታጠፊያው ላይ ያዞረችው መሪ አልመለስም አላት። ደህና መሪ ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ወደ መሀል ይመለሳል፤ እኔ ከልክ በላይ ስላጠበቅሁት ግን እንደታጠፈ ቀረ። በጉልበቷ ታግላ፣ ፍሬን ይዛ፣ ቦዩ አፋፍ ላይ አቆመቻት። ቦዩን ብታልፈው ገደል ነው። ሰው አልተጎዳም፤ ምስጋና ለፈጣሪ። ከእናቶቹ አንዷ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። ያን ቀን «አብሽሪ ልጄ፣ ሁሉም ይሳሳታል» ብለውኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ቁልቁለቱን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይርዳል።

ጋሼ ሲሰሙ አልተቆጡም። «ማወቅ ሁለት ነው» አሉ፤ «ምን እንደሆነ ማወቅና የት ላይ ማቆም እንዳለብሽ ማወቅ። አንቺ ግማሹን ነው የተማርሽው።»

ስለዚህ መስመር አሰመርን። ጎማ፣ አየር፣ ቫልቭ፣ ጭነት፣ ሽቦ ማየት፣ እስኮርታ መቀየር፣ ፊቷን አንስቶ መመርመር፦ ይህ የእኛ ነው። የመሪ አንገት መፍታትና ማጥበቅ፣ ኩሽኔታ መቀየር፣ የተጣመመ የፊት ሹካ ማቃናት፦ ይህ የባለሙያ ነው። እኛ ችግሩን አውቀን እንሄዳለን፤ እጃችንን ግን አናስገባም። የመሪ ዕቃ ብየዳ ደግሞ የማንም አይደለም። የተሰነጠቀ የመሪ ብረት በብየዳ ተለጥፎ ሰው አይጫንበትም፤ ይቀየራል። ማንኛውም ጥገና ሲያልቅም ባጃጇ መጀመሪያ ባዶዋን፣ በድላዳላ መንገድ፣ በቀስታ ትሞከራለች። ሰው የሚሳፈረው ከዚያ በኋላ ነው። ባለሙያ ቢሠራውም እንኳ።

መኪና ያላችሁ ደጋፊዎቻችንና እህል ለማስጫን ፒክአፕ ወይም አይሱዙ የምትከራዩ አባላትም ጥቂት ነገር ውሰዱ። መኪናው በድንገት መሪው ከከበደ፣ መጀመሪያ የመሪ ዘይቱን ልክ እዩ፤ ዘይቱን የሚገፋውን ፖምፓ የምታዞረውን ቺንጊያ እዩ። ስታዞሩት የሚያቃስት ድምፅ ካለ ብዙውን ጊዜ ዘይቱ ጎድሏል። የሚጨመረው ዘይት መመሪያው ወይም ክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ነው፤ የፍሬን ዘይት በፍጹም አይጨመርበትም። ዘይቱ ደጋግሞ ከጎደለ ግን እየጨመሩ መሄድ ጥገና አይደለም፤ የሚያፈስበት ቦታ ይፈለግ። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ መሪያቸው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ስለሆነ ዘይት የሚባል ነገር የላቸውም፤ እነሱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ ወደ ባለሙያ ነው።

መሪው ከላላ ምርመራው የሁለት ሰው ሥራ ነው። መኪናው በድላዳላ ቦታ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ይቆማል። አንዷ መሪውን በትንሹ ወዲያና ወዲህ ታደርጋለች፤ ሌላዋ ከፊት ጎማው ጎን ተንበርክካ ቲራንቴውን ትመለከታለች። መሪው እየተንቀሳቀሰ ጎማው ካልታዘዘ በመሀል የሚወዛወዘው መጋጠሚያ የቱ እንደሆነ በዓይን ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቴስቲናው ነው። ቴስቲና ሲቀየር አሮጌው ሲፈታ ስንት ዙር እንደዞረ ይቆጠራል፤ አዲሱም ያንኑ ያህል ዙር ይገባል። ከዚያም በኋላ የጎማ አሰላለፍ በመሣሪያ ይስተካከል፤ አለበለዚያ አዲሱን ጎማ በጥቂት ወር ይበላዋል። ዳዶውን የምትቆልፈው የሽቦ መቆለፊያ አዲስ ትሁን፤ አሮጌዋ አትደገምም። ይህን ሁሉ ራሳችሁ አድርጉት አላልሁም፤ ባለሙያው ማድረጉን ቆማችሁ እዩ ነው የምለው።

አሁን የጠራኋቸውን ቃላት አስተውላችኋል? ቲራንቴ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ቺንጊያ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ። ከጣሊያን ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ከመኪናውና ከመንገዱ ጋር ገብተው የጋራዥ አማርኛ ሆነው ቀሩ። ብዙዎቻችን ስንሰማቸው የወንዶች ምሥጢር ይመስሉናል። ምሥጢር አይደሉም። ኩሽኔታ ማለት ብረት በብረት ላይ እንዳይፋጅ የሚያሽከረክር ነገር ነው፤ ግራሶ ማለት ማለስለሻ ቅባት ነው፤ ይኸው ነው። ቃሉን ያወቀች ሴት ጋራዥ ገብታ «ኩሽኔታው ደህና ነው፣ አንስቼ ሞክሬዋለሁ፤ ቸርኬውን እይልኝ» ስትል አነጋገሩ ሁሉ ይለወጣል። ልጃችን ላይ አይቼዋለሁ።

የመጨረሻው የእኔው ሙያ ነው፤ መዝገብ። ለባጃጇ አንድ ደብተር ከፍተናል። ስድስት አምድ አለው፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ምን ምልክት ታየ፣ ምን ተገኘ፣ ማን ሠራው፣ ስንት ተከፈለ። የመጀመሪያዎቹን አራት ልጃችን ራሷ ትጽፋለች። ዕቃ ከተቀየረ አሮጌው ተመልሶ ይመጣልናል፤ ለመጠራጠር ሳይሆን ዓይተን ለመማር። ደብተሩ ጥቅሙ በቶሎ ታየ። የኋላ ቀኙ ጎማ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ አየር እንዳነሰው ከጽሑፉ አየን፤ ሳይፈነዳ ተለጠፈ። ለዓመታዊው ምርመራ ስትቀርብም ምን እንደተሠራላት የምናሳየው ነገር አለን።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል ልበል። የምንፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ የራሳችን የአየር መለኪያ፣ አንድ ክሪክ፣ አንድ ሙሉ የቁልፍ ስብስብ፣ በዓመት ሁለት ቀንም ለአባላት የሚያስተምር ባለሙያ። ባለፈው ዓመት በስህተት ከወጣው የጥገና ገንዘብ ላይ ይህን ሁሉ ገዝተን ይተርፍ ነበር። የሰጣችሁን ገንዘብ የት እንደደረሰ ስትጠይቁ አፍሬ አንገቴን እንዳልደፋ የማደርገው በዚህ ነው።

ጋሼ ሁልጊዜ የሚሉት ነገር አለ፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ሾፌር መቀየር፣ ዕቃ መቀየር፣ ባጃጅ መሸጥ ሁሉ መጠምጠም ነበር። መማሩ ቀርቶብን ነበር።

ልጃችን ዛሬም ሾፌራችን ናት። በኮሚቴው ፊት ያልሁትን በኮሚቴው ፊት ይቅርታ ጠይቄ አንስቻለሁ፤ ዛሬ ደግሞ በእናንተ ፊት እደግመዋለሁ። የሚንቀጠቀጠው ቸርኬው እንጂ እጇ አልነበረም። ያቺን ቁልቁለት ላይ ያቆመችልን እጅ ያው «መሪ አይችልም» የተባለው እጅ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባጃጇ በግቢያችን ትቆማለች። ጋሼም ይመጣሉ። ጠመኔና የሳሙና ውሃ አዘጋጅተናል፤ ቡናም ይፈላል። መማር የምትፈልጉ ሁሉ ኑ፤ ቀሚሳችሁ ግራሶ ቢነካው የማይቆጫችሁን ልበሱ።